ከብት በጋጠው መስክ አረምን መለየት፤ አበባ እስኪወጣ ለምን እንጠብቃለን?

እንደሚታወቀው በአገራችን ስለ አረም የተጻፉት ጽሑፎች አብዛኞቹ የሚናገሩት ስለ ሰብል ማሳ ነው። ስለ ስንዴ ሲናር፣ ስለ ጤፍ እንክርዳድ፣ ስለ ማሽላ አቀንጭራ ብዙ ተብሏል፤ መባሉም ተገቢ ነው። ከብት የሚሠማራበት የወል መስክ፣ የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ግቢ ሣር፣ እንዲሁም በከተማ ዳር በማኅበራት እየተዘጋጀ የሚሸጠው የግቢ ሣር ግን «ሣር ነው» ተብሎ በአንድ ቃል ይታለፋል። መስኩ ሲበላሽ ደግሞ «አረም ሆኗል» ይባልና ያው በአንድ ቃል ይዘጋል። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ሥራ፣ ማለትም የትኛው ተክል አረም እንደሆነና የትኛው እንዳልሆነ ለይቶ ማወቅ፣ ሳይሠራ ይቀራል።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው አስተያየት አንድ ነው። በአጭር ሣር ውስጥ ያለን አረም በአበባው ለመለየት መሞከር ትተን በሥሩ፣ በግንዱና በቅጠሉ አንገት መለየት መማር አለብን። ይህን ስንል የልማት ጣቢያ ሠራተኞችን የዕፀዋት ሊቃውንት እናድርግ ማለታችን አይደለም። እንዲያውም ነገሩ ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው፤ የሚጠይቀው ተንበርክኮ መቆፈርን ነው።

ምክንያቱን እናስረዳ። በሰብል ማሳ ውስጥ አረም ከሰብሉ ጋር ያድጋል፣ ያብባል፣ ያፈራል፤ ስለዚህ ዘግይቶም ቢሆን ማንነቱን ይናገራል። የተጋጠ ወይም የታጨደ ሣር ውስጥ ግን አበባ የሚያወጣው ከብት የተወው ወይም ከማጭዱ በታች ያመለጠው ብቻ ነው። ሌላው በየዕለቱ ስለሚቆረጥ ክረምቱን ሙሉ ከጣት ርዝመት ሳያልፍ ይቆያል። እኛ ደግሞ ለልማት ሠራተኛው የምንሰጠው ፖስተር ያማረ የአበባ ፎቶግራፍ ያለው ነው። ከፍተኛ የሙያ መጻሕፍትም ቢሆኑ ከዚህ የራቁ አይደሉም። እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2009 በስምንት ቅጾች የታተመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መድበል የምንኮራበት ታላቅ ሥራ ነው፤ የሣር ዝርያዎች የተገለጹበት ሰባተኛው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቷል። ይሁን እንጂ በዚያ ቅጽ መለያው በዋናነት የሚሄደው በአበባና በዘለላ ነው። ከብት ዘለላውን በበላበት መስክ ላይ የቆመ ሠራተኛ መጽሐፉን ይዞ ቢመጣም ከመጀመሪያው ጥያቄ አያልፍም።

ጉዳዩ የትምህርት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍንበት ነበር። የገንዘብና የመኖ ጉዳይም ነው። በአንድ የደጋ ወረዳ የሚገኝ የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ የወል መስኩ «ቅጠላ ቅጠል ብቻ ሆነ» ተብሎ፣ ለቱ ፎር ዲ መግዣ ገንዘብ መድቦ ነበር። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከልማት ሠራተኛውና ከሁለት እረኞች ጋር መስኩን ዞርን። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የእንጨት ፍሬም ይዘን በደረስንበት እየጣልን፣ በፍሬሙ ውስጥ ያለውን ተንበርክከን ቆጠርን። «ቅጠላ ቅጠል» የተባለው አብዛኛው ማገጥ ነበር። ከብት በጣም ስለሚወደው እስከ መሬት ተግጦ፣ ሦስት ሦስት ቅጠሉን አጋድሞ የተኛ ማገጥ! መስኩን በእርግጥ እየጎዱት የነበሩት ደግሞ በረባዳው በኩል እንግጫ፣ በመንገዱ ዳር አክርማ ነበሩ። እንግዲህ ቱ ፎር ዲ ሰፊ ቅጠል ያላቸውን ተክሎች የሚገድል መድኃኒት ነው። ቢረጭ ኖሮ ማገጡን አጥፍቶ አክርማውን ባልነካው፣ የእንግጫውንም ሥር ባልገደለው ነበር። ማኅበሩ ገንዘቡን ከፍሎ ምርጡን መኖ ያጠፋ ነበር ማለት ነው።

በሰብል ማሳ ላይም ይኸው ነገር ታይቷል። በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች ለብዙ ዓመታት ሰፊ ቅጠሉን ብቻ የሚገድል መድኃኒት በተደጋጋሚ ሲረጭ፣ ቦታውን ሲናር፣ ሙጃና አሰንዳቦ ያዙት። በማሳ ላይ የደረሰው በመስክ ላይ እንዳይደገም ማድረግ የምንችለው መጀመሪያ ለይተን ስናውቅ ነው።

ስለዚህ ከሥር እንጀምር። ለመለያ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች አንድ አጭር መቆፈሪያ፣ አንድ ምላጭ፣ ጓንትና አሮጌ ጋዜጣ ናቸው። ማጉያ መነጽር ቢገኝ መልካም ነው፤ ባይገኝም ሥራው አይቆምም።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ቀጭን ቅጠል ያለው ተክል ሣር ነው ወይስ እንግጫ? የሚለው ነው። ግንዱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አድርጎ ማሽከርከር ይበቃል። የሣር ግንድ ክብ ወይም ጠፍጣፋ ነው፤ አንጓ አለው፣ ብዙውን ጊዜም በአንጓዎቹ መካከል ክፍት ነው። እንግጫ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ማዕዘን ሆኖ በጣት መካከል ይቆጠቁጣል፤ በምላጭ ሲቆረጥ ውስጡ ድፍን ነው፤ አንጓ የለውም። ግንድ ገና ያላወጣ ቢሆንም ከላይ ወደ ታች ሲታይ የሣር ቅጠል በሁለት ረድፍ፣ የእንግጫ ቅጠል በሦስት ረድፍ ይወጣል። በጎጃም በዘመን መለወጫ ዋዜማ እንግጫ የሚነቅሉ ልጃገረዶች ይህን ሁሉ ማንም ሳይነግራቸው በእጃቸው ያውቁታል። ሥልጠና ስናዘጋጅ እነርሱን ብንጠራ ከእኛ የተሻለ ያስተምሩ ነበር ብለን እናምናለን።

እንግጫ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ሁለተኛው ጥያቄ ከመሬት በታች ነው። እንግጫ የብዙ ዝርያዎች የጋራ ስም ነው። አንዳንዱ ሥሩ ጭራሮ ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ግን በክር እንደተሰካ ዶቃ ከሥሩ ጋር የተያያዙ ጥቋቁር ፍሬ መሰል እንኮዮች አሉት። በእጅ ሲሳብ ክሩ ይበጠስና እንኮዩ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ በመቆፈሪያ ከአንድ ጋት በላይ ወርዶ ማየት ያስፈልጋል። እንኮይ የሌለው ዝርያ በረባዳ ቦታ በዝቶ ከተገኘ የሚናገረው ስለ ውኃው ነው፤ መፍትሔውም ውኃውን በቦይ ማጠንፈፍ እንጂ መንቀል አይደለም። እንኮይ ያለው ከሆነ ግን አጠገቡ ያለውን የሰብል ማሳና የአትክልት ቦታ ያሰጋል፤ አፈሩ በማረሻም ሆነ በአካፋ ወደ ሌላ ቦታ እንዳይጓጓዝ መጠንቀቅ ይገባል። እንግዲህ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ተክሎች ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ይጠይቃሉ፤ ልዩነታቸው ግን የሚታየው አካፋ ለያዘ ሰው ብቻ ነው።

ከሣሮቹ ውስጥ ሰርዶ በማሳ ላይ ክፉ አረም መሆኑን የማያውቅ ገበሬ የለም። በመስክ ላይ ግን ሰርዶ ባለውለታ ነው፤ ረገጣንና ግጦሽን ችሎ መሬቱን የሚሸፍን እርሱ ነው። በአንዳንድ አካባቢ ዋሪያት ከሚሉት ሣር ጋር ይምታታል። ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን አንገት ገለጥ አድርጎ ማየት ነው፤ በሰርዶ ላይ እንደ ልሳን ያለው ክፍል የአጫጭር ፀጉር ረድፍ ሲሆን፣ በዋሪያት ላይ ስስ ሽፋን ነው። ሰርዶ ከመሬት በላይም ከመሬት በታችም ይሳባል፤ ዋሪያት የሚስፋፋው በአብዛኛው ከመሬት በታች ባለው ቀጭን ሥር መሰል ግንዱ ነው። ለግጦሽ ሁለቱም ይጠቅማሉና በዚህ ላይ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም። ጉዳዩ የሚነሣው መስኩ ከማሳ ጋር በሚዋሰንበት ዳር ላይ ነው።

አክርማ ግን የተለየ ነገር አለው። በችምችም የሚያድግ፣ ሥረ መሠረቱ እንደታጠፈ ወረቀት ጠፍጣፋ የሆነ፣ ሲጎትቱት እጅ የሚቆርጥ ጠንካራ ሣር ነው። በቅጠሉ ጠርዝ ላይ አለፍ አለፍ እያለ ጥጥ የመሰለ ነጭ ፀጉር የሚታይበት ዝርያ አለ፤ ያ ሲታይ ጥርጥር የለም። ከብት ለጋውን ካልሆነ አይነካውም፤ ስለዚህ ሌላው ሣር ሲጋጥ እርሱ እየሰፋ ይሄዳል። አክርማ የበዛበት መስክ ከአቅሙ በላይ ለረጅም ጊዜ የተጋጠ መስክ ነው ብንል ብዙ አንሳሳትም። ሆኖም «አረም ነውና ይነቀል» ከማለት በፊት የአካባቢውን ሴቶች መጠየቅ ይገባል። አክርማና ስንደዶ የስፌት ዕቃ ናቸው፤ ሰፌዱም መሶቡም ከእነርሱ ነው። ለከብቱ ባለቤት አረም የሆነው ለስፌት ሠሪዋ ገበያ ነው። የወል መስክ አስተዳደር ኮሚቴዎች ስብሰባ ላይ ይህ ነገር ሲነሣ ሰምተን አናውቅም፤ በኮሚቴዎቹ ውስጥ ሴቶች ጥቂት መሆናቸው ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። የአክርማው አንድ ክፍል ለስፌት ተከልሎ፣ የቀረው እየተነቀለ መሬቱ ለተወሰነ ጊዜ ከከብት ቢያርፍ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል።

አሁን ወደ ሰፊ ቅጠሎቹ እንምጣ። ከፍተኛው ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ስለሆነ ዘግየት ብለን እንመልከተው።

በመጀመሪያ ሦስት ቅጠል ያለው ሁሉ ማገጥ አይደለም። የማገጥ እያንዳንዱ ቅጠል ሞላላ ሆኖ ጠርዙ በጣም ደቃቅ ጥርስ አለው፤ የቅጠሉ ዘንግ ከግንዱ በሚነሣበት ቦታ ደግሞ ዘንጉን ግራና ቀኝ ያቀፉ ሁለት ስስ ክፍሎች ይታያሉ። ከማገጥ ጋር የሚምታታው ሌላው ሦስት ቅጠል፣ እያንዳንዱ ቅጠሉ ጫፉ ላይ እንደ ልብ ቅርጽ ገባ ያለ ነው፤ እረኞች እያኘኩ «ይኮመጥጣል» የሚሉት ነው። ጥርጣሬ ካለ መቆፈር ነው። በማገጥ ሥር ላይ ጥቃቅን ጉብታዎች ይገኛሉ፤ በጥፍር ሲሰነጠቁ ውስጣቸው ቀላ ያለ ከሆነ ናይትሮጅንን ከአየር እየወሰዱ በሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው። በኮምጣጣው ሥር ላይ ይህ የለም። አገራችን የብዙ የማገጥ ዝርያዎች መገኛ ናት፤ ከእነርሱም ውስጥ በሌላ አገር የማይገኙ አሉ። በክረምት ውኃ በሚተኛበት የደጋ ጥቁር አፈር ላይ ሣር ሲዳከም የሚለመልሙ ስለሆነ፣ በአዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ብዙ ጥናት አድርጎባቸዋል። በአውሮፓና በአሜሪካ ግን የግቢያቸው ሣር አንድ ወጥ አረንጓዴ እንዲሆን የሚፈልጉ ሰዎች የማገጥን ዘመዶች በመድኃኒት ያጠፋሉ። ከውጭ የሚመጡ የአረም መጽሔቶችና የመድኃኒት መለያ ወረቀቶች የሚጻፉት በዚያ ዓይን ነውና፣ ወደኛ መስክ እንዳሉ መገልበጥ አይገባም።

በተቃራኒው፣ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ተወላጅ የሆነው የኪኩዩ ሣር እዚህ የተወደደ የግጦሽና የግቢ ሣር ሲሆን፣ በካሊፎርኒያ በአደገኛ አረምነት የተመዘገበ ነው።

በተጋጠ ሣር ውስጥ የሚበዙት ሌሎቹ ሰፊ ቅጠሎች መሬት ላይ ክብ ሆነው የሚነጠፉት ናቸው። የከብት ምላስ ስለማይደርስባቸው ጎረቤታቸው ሲጋጥ እነርሱ ይሰፋሉ። ጎርጠብ ከእነዚህ አንዱ ነው። ቅጠሉ ረጅም ሆኖ፣ ከሥር እስከ ጫፍ ጎን ለጎን የሚሄዱ ጅማቶች አሉት፤ ቅጠሉን ቀስ ብለው ሲበጥሱት ጅማቱ እንደ ክር ተንጠልጥሎ ይቀራል። በግ ይበላዋል፤ እረኛም ቁስሉ ላይ ያደርገዋል። እንደ እኛ አስተያየት ጎርጠብን ለማጥፋት አንድ ሳንቲም ማውጣት አያስፈልግም። ቱልት ግን ሌላ ነው። ቅጠሉ ሰፊ፣ ሥሩ እንደ ካሮት ወደ ታች የወረደና ሲቆረጥ ቢጫ የሚያሳይ ሲሆን፣ ቅጠሉ ከግንዱ በሚነሣበት አንጓ ላይ ግንዱን እንደ እጅጌ የሚሸፍን ቡናማ ስስ ቅርፊት አለው። ያ እጅጌ የቱልት ቤተሰብ ሁሉ ምልክት ነው፤ መቅመቆም አለው። ከብት ቱልትን ይተወዋል፤ ፍሬውም መንጠቆ ስላለው በከብት ፀጉር ተይዞ ይዛመታል። ከማፍራቱ በፊት ሥሩን ይዞ መቆፈር ነው። ከአንገቱ ብቻ ሲቆረጥ እንደገና ይበቅላል።

ከሁሉ በላይ ግን ፓርቲኒየምን በለጋነቱ የማያውቅ የልማት ሠራተኛ ሊኖር አይገባም። በወሎና በሌሎች አካባቢዎች ቅንጬ አረም ይሉታል፤ አበባው የተፈጨ ቅንጬ ስለሚመስል ነው። በሐረርጌ ደግሞ በኦሮምኛ ፋረምሲሳ፣ ማለትም «የሚያስፈርም» ተብሏል። መሬቱን አስፈርሞ የሚያስለቅቅ ማለት ነው፤ ከዚህ የበለጠ መግለጫ እኛ አናውቅም። ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ሲሆን፣ በአገራችን መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ በድሬዳዋና በሐረርጌ ነው፤ በእርዳታ እህል ወይም በጦር ተሽከርካሪዎች ሳይገባ አልቀረም ተብሎ ይገመታል። አንዱ ተክል እስከ 25,000 የሚደርስ ዘር ሊሰጥ ይችላል። እርጥበት ካገኘ በበቀለ በአንድ ወር ተኩል ገደማ ያብባል። ስለሆነም «ሲያብብ እንለየዋለን» ማለት ዘሩን እናስቀምጥለት ማለት ነው።

በለጋነቱ እንዴት ይታወቃል? መጀመሪያ መሬት ላይ ተነጥፎ ነው የሚበቅለው። ቅጠሉ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ እንደ ካሮት ቅጠል እስከ መካከለኛው ጅማት ድረስ የተቆራረጠና በአጫጭር ለስላሳ ፀጉር የተሸፈነ ነው። ግንድ ሲያወጣ በግንዱ ላይ ከታች ወደ ላይ የሚሄዱ ሸንተረሮች ይታያሉ። ከጭቁኝ ጋር የሚያምታቱት አሉ፤ ጭቁኝ ግን ገና ሲነካ ሽታው ይናገራል፣ ቅጠሉም አመድማ ነው። እዚህ ላይ ማሳሰብ የምንፈልገው አለ። ፓርቲኒየም በሰው ቆዳ ላይ ማሳከክና መቁሰል፣ ብናኙም አስምና የአፍንጫ ሕመም ያስከትላል። አንዴ የተቆጣ ቆዳ ከዚያ በኋላ በትንሽ ንክኪ ይነሣል። ስለዚህ ተማሪዎችን በባዶ እጃቸው ለነቀላ ዘመቻ የሚያሰልፉትን አጥብቀን እንቃወማለን። ዘመቻው የሚደረገው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተክሉ ነጭ ሆኖ አብቦ ከሩቅ ሲታይ ነው፤ በዚያን ጊዜ ልጆቹ ጉዳት ያገኛሉ፣ ዘሩም እየተራገፈ በየመንገዱ ይበተናል። ጓንትና ረጅም እጅጌ ያላቸው ጥቂት አዋቂዎች ግንድ ሳያወጣ በእርጥብ አፈር ላይ ከነሥሩ ቢነቅሉት የሺህ ልጆችን ሥራ ይሠራሉ። ማጨድ አይረዳም፤ ከታች አቆጥቁጦ አጥሮ ያብባል።

የወተት ማኅበራትም ጉዳዩ ይመለከታቸዋል፤ ፓርቲኒየም የበላች ላም ወተቷ ይመራል። ሆኖም ይህ አረም አንድ ድክመት አለው። ጥቅጥቅ ብሎ መሬቱን በሸፈነ ሣር ውስጥ ለመብቀል ይቸገራል፤ የሚፈልገው ባዶ መሬት ነው። ባዶ መሬት የሚፈጥረው ደግሞ ያለ ልክ መጋጥ ነው። በዚህ ረገድ ማገጡንና ሰርዶውን አውቆ መጠበቅ ራሱ ፓርቲኒየምን መከላከል ነው።

አንዳንዶች «የልማት ሠራተኛው ሥራው ብዙ ነው፤ ይህን ሁሉ ሣር ከየት ያውቀዋል?» ይሉናል። በአገራችን በመቶ የሚቆጠሩ የሣር ዝርያዎች መኖራቸው እውነት ነው። በአንድ ቀበሌ መስክ ላይ ግን ነገሩን የሚወስኑት በእኛ ግምት ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ተክሎች ናቸው፤ ከእነርሱም ግማሹን እረኛው አስቀድሞ ያውቃቸዋል። ከብት የቱን እንደሚተው፣ የቱን በስንት ሰዓት ርሃብ እንደሚበላ ከእረኛ የተሻለ የሚያውቅ የለም። እረኛው የማያውቀው በመጽሐፍ የተጻፈውን ስም ነው፤ እርሱ ደግሞ የእኛ ሥራ ነው።

ስለ ስም ከተነሣ፣ በሪፖርት ላይ የአካባቢ ስም ብቻ ጽፎ መላክ አደገኛ ነው። ሙጃ በአንዱ ቦታ አንድ የታወቀ ሣር ሲሆን፣ በሌላው ማንኛውም ለምልሞ የቆመ ረጅም ሣር ሙጃ ይባላል። በስም ብቻ የተላከ ሪፖርት ለስም ብቻ የሚሆን መድኃኒት ያስገዛል። በስልክ ፎቶግራፍ መላክም የተለመደ ሆኗል፤ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን የሚደርሱን አብዛኞቹ ሰው ቆሞ ከላይ ያነሣቸው አረንጓዴ ምንጣፎች ናቸው። ከእንደዚህ ያለ ሥዕል ምንም አይለይም። ተክሉን ከነሥሩ ነቅሎ፣ አፈሩን አራግፎ፣ በነጭ ወረቀት ላይ ከአንድ ሳንቲም አጠገብ አስቀምጦ ማንሣት፤ ቀጥሎም የቅጠሉን አንገትና ሥሩን በቅርብ ማንሣት ይሻላል። መቅመስ ግን የመለያ ዘዴ አይሁን። ኮምጣጣውን የቀመሰ ልጅ ነገ አስተናግርንም ይቀምሳል።

ለማኅበራት የምናቀርበው ተግባራዊ ሐሳብ የሚከተለው ነው። በየመስኩ ሦስት እርምጃ በሦስት እርምጃ የሆነ ቦታ ከክረምት በፊት፣ በግንቦት ወር፣ በእሾህ ይታጠር። ከብት አይግባበት፤ አይታጨድ። ውጭ ተግጦ ያልታወቀው ተክል በዚያ ውስጥ አድጎ በመስከረምና በጥቅምት አበባውንና ዘለላውን ያሳያል። በዚያን ጊዜ በነሐሴ በሥሩና በቅጠሉ የገመትነውን ከአበባው ጋር አስተያይቶ ማረጋገጥ ይቻላል፤ በሚቀጥለው ዓመት ግምት መሆኑ ይቀራል። ወጪው የአንድ ሸክም እሾህ ነው። ፓርቲኒየም በአጥሩ ውስጥ ከታየ ግን ለትምህርት ተብሎ አይቆይ፤ ወዲያው ይነቀል። ከአጥሩ ውስጥና ውጭ ያለውን ልዩነት ገበሬው በዓይኑ ሲያይ፣ መስኩን ተራ በተራ ስለ ማሳረፍ የምንሰጠው ምክር ያለ ብዙ ቃል ይገባዋል።

በመድኃኒት መጠቀም የግድ ከሆነም በመስክ ላይ በሙሉ መርጨት ሳይሆን የተለየውን አረም ነጥሎ መርጨት ነው። ከብቱም በመለያ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ጊዜ እስኪያልፍ መራቅ አለበት። ለዚህ ሌላም ምክንያት አለ። የተረጨ ተክል ሲጠወልግ ጣዕሙ ስለሚለወጥ፣ ከብት ሲሸሸው የኖረውን መርዛማ ቅጠል ሊበላው ይችላል።

የግቢ ሣር የሚያዘጋጁ ማኅበራትን በተመለከተ፣ ሣር ከነአፈሩ ተቆርጦ ሲጓጓዝ የእንግጫ እንኮይም አብሮ ይጓዛል። ሣሩ ከመቆረጡ በፊት በቦታው ላይ አራት አምስት ጉድጓድ ቆፍሮ ማየት፣ እንኮይ ከተገኘ ቦታውን መተው ይገባል። ገዢውም ቢሆን አንዱን ቁራጭ ገልብጦ ሥሩን ሳያይ ገንዘብ አይክፈል። ድርቆሽ የሚገዙ ማኅበራት ደግሞ አንድ ሁለት ነዶ ፈትተው በሸንተረራም ግንዱና በቅንጬ መሰል አበባው ፓርቲኒየምን ይፈልጉ። ከተበከለ አካባቢ የመጣ ርካሽ ድርቆሽ የሚያስከፍለው ዋጋ በኋላ ነው።

ያልታወቀ ተክል ሲገኝ በአቅራቢያ ወዳለው የምርምር ማዕከል መላክ ይቻላል። ተክሉ ከነሥሩ በጋዜጣ መካከል ተነጥፎ፣ በላዩ ክብደት ተደርጎበት፣ ጋዜጣው በየዕለቱ እየተለወጠ ይድረቅ። ከእርሱ ጋር ቀኑ፣ ቀበሌው፣ መሬቱ ረባዳ ወይም ተዳፋት መሆኑ፣ የአካባቢ ስሙ፣ ከብት ይበላው ወይም ይተወው እንደሆነ ይጻፍ። አበባ ባይኖረው ግድ የለም። ሥሩ ተቆርጦ የመጣ ናሙና ግን መልሶ ወደ መስኩ ያስኬደናል።